ባለቤቷ በስልክ ወሰን የረገጠች ዕለት

አዋጁ ወረታ የገባው ከምሳ ጋር ነው። ምሳ ባይኖረው ኖሮ ስለ መግባቱም አልሰማም ነበር። ነጋዴዎች ሁሉ ለግማሽ ቀን ሥልጠና አዳራሽ እንድንገኝ ጥሪ ሲደርሰን፣ አጠገቤ ጨው የሚነግደውን ጎረቤቴን ምን ሊያሠለጥኑን እንደሆነ ጠየቅሁት።

«ስለ ስልክ ነው መሰል፤ ጥብስ አለ ይላሉ» አለኝ።

ሄድን።

እኔ ትምህርት ያቋረጥሁት ሰባተኛ ክፍል ላይ ነው። የቀረውን የተማርሁት የደብረ ታቦሩ መገንጠያ ላይ ቆሜ፣ ከሹፌርና ከደላላ ነው። እዚያ ፈተና በየቀኑ አለ፤ የወደቀ ሰው ደግሞ ጭነቱን ተሸክሞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ስለዚህ ሰው አዲስ ነገር ሲያስረዳኝ ከአፉ ይልቅ እጁን ነው የማየው። አሠልጣኙ ከክልል የመጣ ቀጭን ልጅ ነበር። እጆቹ ባዶ ነበሩ፤ የሚሸጠው ነገር አልነበረውም። ይህን ሳይ አመንሁት።

«ከእንግዲህ በስልክ የተጻፈ ውል፣ በስልክ ስለተጻፈ ብቻ ውል አይደለም ሊባል አይችልም» አለ። «በስልክ የተፈረመም እንደዚሁ። ሁለት ሰዎች አንዱ ወረታ፣ አንዱ አዲስ አበባ ሆነው፣ በአካል ሳይገናኙ መዋዋል ይችላሉ።»

አዳራሹ ጸጥ አለ። ጸጥታው የመደነቅ ሳይመስለው አልቀረም፤ እኛ ግን ከጓሮ የሚመጣውን የሽንኩርት ሽታ እየተከታተልን ነበር። በመጨረሻ አንድ የከብት ነጋዴ እጁን አወጣ።

«ስልኩ ርብ ወንዝ ውስጥ ቢወድቅስ? ውሉ አብሮ ሰጠመ ማለት ነው?»

«አይሰጥምም። ውሉ ሌላ ቦታ ተቀምጧል።»

«የት?»

«ሰርቨር ላይ። ውጭ አገርም ሊሆን ይችላል።»

«እኔ ቪዛ ተከልክዬ ውሌ ሊሄድ!» አለ አንዱ ከኋላ። ከዚያ በኋላ አሠልጣኙ ፈጠን ፈጠን አለ፤ እኛም ምሳችንን በላን።

ከሥልጠናው ይዤ የወጣሁት አንድ ነገር ነው። ልጁ «በአካል ሳይገናኙ» ያለውን እኔ «በስልክ የቀረበ ሰው እንደ ተገኘ ይቆጠራል» ብዬ ያዝሁት። እንዲህ አላለም። ነጋዴ ዕቃ ሲያሻግር ግን ትንሽ ሳይጨምርበት አይሆንለትም፤ የኔም ጭማሪ ያቺ ነበረች። ዋጋዋን የከፈልሁት ሐምሌ ላይ ነው።

ሩዝ የማከማችበት መጋዘን የኔ አይደለም። ባለቤቷ የነበሩት ሴትዮ ካረፉ ወዲህ የአንድ ልጃቸው ሆኗል፤ እሷም ሐዋሳ ነው የምትሠራው። ኪራዩን በየጊዜው እንዲሁ በቃል ስናድስ ኖረናል። በዚያ ሐምሌ ግን አንድ የባሕር ዳር ሰው መጋዘኑን ፑል ቤት ላድርገው ብሎ ጠየቃት። ሐምሌ በፎገራ ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ ልንገረው። ርብ ከአልጋው ይወጣል፤ ከቁሐር ሚካኤል በታች ያለው ሜዳ ሐይቅ ይሆናል፤ ደረቅ ወለል ያለው ቤት ሁሉ ተይዟል። የኔ መጋዘን ደግሞ ዋጋ እስኪነሣ ብዬ ባስቀመጥሁት ያልተፈለፈለ ሩዝ እስከ ጣሪያው ሞልቷል። ያን ሩዝ ይዤ ውጣ ብባል የማስቀምጠው መንገድ ላይ ነው። ርጥብ ሩዝ ደግሞ ከነጆንያው ይበቅላል፤ መንገድ ላይ ያረሰ የመጀመሪያው ነጋዴ እኔ እሆን ነበር።

ጠዋት ላይ ልጅቱ ደወለችልኝ።

«ጋሼ፣ ሰውየው ዛሬ ከሰዓት ዕቃ ጭኖ እመጣለሁ ብሏል። እኔ እሽም እምቢም አላልሁትም። የእማዬን አስከሬን የተሸከምኸው አንተ ነህ፤ ላንተ ብሰጥ ደስ ይለኛል። ግን ከእንግዲህ በቃል አይሆንም። ውሉን ስልክህ ላይ ልኬልሃለሁ። ፈርምና እኔም እፈርማለሁ።»

«አሁኑኑ እፈርማለሁ እታለም።»

«ቆይ። ሁለት ምስክር ይኑር። እማዬ የምታውቃቸው። አንዱ እሳቸው ይሁኑ።»

«እሳቸው» ያለቻቸውን ሰውዬ ስም ሳትጠራ ነው ያወቅሁት። በወረታ የተጻፈ ውል ሁሉ እግርጌው ላይ የኒህ ሽማግሌ አውራ ጣት አለበት። ዳዊት ሲደግሙ ውለው ያድራሉ፤ መጻፍ አያቅታቸውም። መፈረም ግን አይወዱም። «ፊርማን ማንም ይቀዳዋል፤ እስኪ ጣቴን ይቅዱት!» ይላሉ። ለዚህም ብለው የማህተም ቀለም ያለባት ትንሽ ቆርቆሮ በፌስታል ጠቅልለው ኪሳቸው ውስጥ ይዘው ነው የሚዞሩት። ቤታቸው ስደርስ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ዝናቡን ይመለከታሉ።

«የምን ውል ነው?» አሉኝ።

«የኪራይ ነው አባባ።»

«አከራይዋ የታለች?»

«ሐዋሳ።»

«እንግዲያው ስትመጣ ጥራኛ።»

«ዛሬ ካልሆነ አይሆንም። በስልክ ነው። አዲስ ሕግ ወጥቷል፤ በስልክ የቀረበ ሰው እንደ ተገኘ ይቆጠራል።»

«ማነው ያለ?»

«መንግሥት።»

ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አጠለቁ። «መንግሥት ተገኝታለች ካለ ተገኝታለች። እንግዲህ እንደ ተገኘ ሰው ነው የማስተናግዳት፤ ኋላ አይቻልም እንዳትለኝ።»

አይቻልም አልልም አልሁ። የሚሆነውን መች አውቄ።

ሁለተኛዋ ምስክር ከመጋዘኑ አጥር ጎን የሩዝ ጠላ የሚሸጡት እትዬ ናቸው። ምን እንደምንፈልግ ሲሰሙ እጃቸውን በቀሚሳቸው አበሱና፣ ጠላ በማንቆርቆሪያ ይዘው መጡ። መብራት ጠፍቷል። የስልኬ ባትሪ ከግማሽ በታች ነው። ልጅቱን በቪዲዮ ደውዬ ፊቷ ሲመጣ ለሽማግሌው አሳየኋቸው።

«ምን ታንጠለጥላታለህ?» ብለው ተቆጡኝ። «በርጩማ አምጣላት!»

በርጩማ አመጣሁ። ስልኩን በርጩማው ላይ አድርጌ ጆንያ አስደገፍሁት። ሽማግሌው ቆባቸውን አውልቀው ፊት ለፊቷ ተቀመጡ።

«እንደምን ዋልሽ ልጄ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን አባባ፤ እርስዎ እንደምን ዋሉ?»

«ልጆችሽ ደኅና ናቸው? ባለቤትሽስ? አገሩስ ተስማማሽ? ዝናቡ እንዴት ነው? እህሉስ?»

በኛ አገር ሰላምታ የሚቆመው የሚጠየቅ ዘመድ ሲያልቅ ነው፤ የልጅቱ ዘመድ ደግሞ ብዙ ነው። ባትሪው እንደ ርብ በበጋ ሲጎድል አያለሁ። ጣልቃ ልገባ ስል እትዬ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ።

«ምን ያቅለበልብሃል? እንግዳ እኮ ናት!»

ከዚያ ጠላው ተቀዳ። ተዋዋዮችና ምስክሮች ካንድ ማንቆርቆሪያ ካልጠጡ ሽማግሌው ጣታቸውን አያወጡም። እትዬ አራት ብርጭቆ ሞሉ፤ አራተኛውን ከስልኩ ፊት አስቀመጡ።

«ጠጭ እንጅ ልጄ፤ በደረቅ አፍ ውል የለም» አሉ ሽማግሌው።

ልጅቱ መጀመሪያ ሳቀች፤ ሽማግሌው እንዳልሳቁ ስታይ ግን ከአጠገቧ ብርጭቆ አንሥታ ተጎነጨች።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ውኃ ነው አባባ። ሥራ ላይ ነኝ።»

«ሥራ ላይ ከሆነች ይሁንላት።»

«የሷን እኔ እጠጣላታለሁ፤ ወክላኛለች» አሉና እትዬ ብርጭቆውን አነሡት። ልጅቱም ከሐዋሳ ሆና «ወክያለሁ» አለች። ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል ስለ ሩዝ የሚያስብ እኔ ብቻ ነበርሁ።

«በሉ እንፈርም» አልሁ።

«ወሰኗን ሳትረግጥ?»

እንግዲህ የፈራሁት መጣ። በኛ ዘንድ ቦታ የሚሰጥ ሰው፣ ሸጠም አከራየም፣ ምስክር ይዞ አራቱን ማዕዘን በእግሩ ይረግጣል። ያልረገጠውን አልሰጠም። ምስክሩም «ሲረግጥ አይቻለሁ» ካላለ ምንም አላየም።

«አባባ፣ ይቺ እኮ እግር የላትም» አልሁ ወደ ስልኩ እየጠቆምሁ።

«እግር አለኝ!» አለች ከበርጩማው ላይ።

«ሰማህ? አላት» አሉ ሽማግሌው። «ተገኝታለች ያልኸኝ አንተ ነህ። ከተገኘች ትረግጣለች። ካልረገጠች አልተገኘችም። ካልተገኘች ደግሞ እኔ ወደ ቤቴ ልሂድ።»

ስልኩን በስኳር ፌስታል ጠቀለልሁትና ወጣን። ዝናቡ ያካፋል። እትዬ ጃንጥላ ዘረጉ፤ የዘረጉት ግን ለስልኩ ነው። እኔ ከጃንጥላው ውጭ እጄን ወደ ፊት ዘርግቼ፣ እንደ ታቦት ተሸካሚ በጥንቃቄ እራመዳለሁ፤ ውኃው ባንገቴ ገብቶ በእግሬ ይወጣል።

መጀመሪያው ማዕዘን ላይ፣ የወሰን ድንጋዩ ሥር፣ ስልኩን በጀርባው ጭቃው ላይ አስተኛሁት። ሽማግሌው በላዩ ጎንበስ አሉ።

«ምን ይታይሻል ልጄ?»

«ሰማይ። የእርስዎም ጢም።»

«ይበቃል። ረግጣለች። እትዬ አይተሻል?»

«አይቻለሁ፤ በደንብ ነው የረገጠች።»

ሁለተኛውም እንዲሁ አለፈ። ሦስተኛው ማዕዘን ላይ ልጅቱ በድንገት ጮኸች። «ቆይ ቆይ! ወደ ግራ አዙረኝ ጋሼ። ያ የእማዬ ጌሾ ነው? ለምን እንዲህ ተመለጠ?»

ጌሾው ከእትዬ ወገን ባለው በኩል ቅጠል የሚባል የለበትም፤ በዚያኛው በኩል እንደ ደን ነው። እትዬ ጃንጥላውን ዝቅ አድርገው ፊታቸውን ሸፈኑ።

«ፍየል ነው» አሉ ከጃንጥላው ውስጥ።

«ፍየል ጌሾ ይበላል እንዴ?»

«የዘንድሮ ፍየል ምን የማይበላው አለ!»

ሽማግሌው በእጃቸው ይዘውት የወጡትን የእትዬን ጠላ አዩት፤ ጨለጡትና «ወደ አራተኛው እንሂድ» አሉ።

አራተኛው ማዕዘን ያለው የመንገዱ ቦይ ውስጥ ነው፤ ቦዩ ደግሞ ሞልቷል። እዚያ ያለችው ድንጋይ ከታየች ሰንብታለች።

«እዚህ ካስቀመጥኋት ትሰጥማለች» አልሁ።

«ጋሼ፣ እንዳትጥለኝ!» አለች።

«ይህ ማዕዘን ካልተረገጠ ነገ ማዘጋጃ ቤት መንገድ ያደርገዋል» አሉ ሽማግሌው። «ትንሽ ነካ ታድርገው።»

እትዬ ቀበቶዬን ከኋላ ያዙ። እኔ ቦዩ ላይ ተንጋድጄ፣ ስልኩን እንደ ባልዲ ቀስ እያልሁ አወረድሁት። ልጅቱ «ኧረ በማርያም፣ ኧረ በማርያም» ትላለች። የፌስታሉ ጫፍ ውኃውን ነካ።

«ነካች!» አሉ እትዬ፤ ለመመስከር ብለው ቀበቶዬን ሊለቁት ትንሽ ቀራቸው።

መጋዘን ተመልሰን ስልኩን ከፌስታሉ ሳወጣው የባትሪው ምልክት ቀይ ሆኗል። ጊዜ አላጠፋሁም። ውሉን ከፍቼ በጣቴ ፈረምሁ።

«ደረሰኝ» አለች ልጅቱ። «በል እኔም ልፈርም» ብላ ጎንበስ ስትል አየኋት። የመጀመሪያውን ፊደል ሳትጨርስ ሽማግሌው ቆርቆሯቸውን ከፍተው፣ አውራ ጣታቸውን ቀለም ውስጥ ደፍቀው፣ ስልኬን በግራ እጃቸው ይዘውታል።

«አባባ፣ የእርስዎ አያስፈልግም! ማየትዎ ብቻ…»

አተሙት። መስታወቱ ላይ። ጣታቸው የድንች ያህል ነው፤ እንደ ልማዳቸው ከግራ ወደ ቀኝ አንከባለሉት። የልጅቱ ፊት ሰማያዊ ሆነ፤ ከዚያ ጠፋ።

«ሄደች?» አሉ።

«እርስዎ ዘጓት!»

«እኔ መሰከርሁ እንጅ ማንንም አልዘጋሁ። ነይ እትዬ፣ ተራሽ ነው።»

እትዬም ሳልከለክላቸው በቀኝ በኩል አተሙ። ስልኬን ተቀብዬ በእጅጌዬ ጠረግ ላደርገው ስል ሽማግሌው ክንዴን ጨምድደው ያዙኝ። በዕድሜያቸው እንዲህ ያለ ጉልበት አለ ብዬ አላስብም ነበር።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ልጠርገው ነዋ! መፈረሟን ልይ!»

«ሁለት ምስክር ያተመበትን ሰነድ ልታጠፋ? በፊቴ? በአንተም ላይ እመሰክራለሁ!»

የሚያደርጉት ሰው ናቸው። «እንግዲያው በእርስዎ ስልክ ልደውልላት» አልሁ ወደ እትዬ ዞሬ። እትዬ ቁልፍ ያላት ትንሽ ስልካቸውን ሰጡኝ፤ ቁጥሯን ግን በቃሌ አላውቀውም። ቁጥሯ ያለው የኔ ስልክ ውስጥ ነው፤ እሱም ከሽማግሌው ጣት ሥር ነው። ፈርማ እንደሆነ፣ ሳትፈርም ባትሪዬ ሊሞት እንደሆነ፣ የሚያውቅ አንድም ሰው ወረታ ውስጥ አልነበረም።

በዚህ መሐል የባሕር ዳሩ ሰው አይሱዙ ደጃፍ ቆመ።

ባለ ፑሉ ወፈር ያለ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ከላይ ትልቅ የፑል ጠረጴዛ በሸራ ተሸፍኖ ተጭኗል። ወርዶ እጅ ነሣንና ወደ ውስጥ ተመለከተ።

«ይህ ሩዝ መቼ ይነሣል?» አለ በጨዋ ደንብ።

«አይነሣም። ተዋውለናል» አልሁት።

«ከማን ጋር? ባለቤቷ ለኔ ጽፋልኛለች፤ ይኸው።» ስልኩን አወጣ። «ናና ቦታውን እይ ብላኛለች። በስልክ የተጻፈ ደግሞ እንደ ውል ነው። አዋጁን አልሰማህም እንዴ?»

ባሕር ዳርም ምሳ ነበረ ማለት ነው። «እይ» ማለት «ያዝ» ማለት አይደለም ልል አሰብሁ፤ ግን እኔም የማሳየው ነገር አልነበረኝም። ሽማግሌው እጃቸውን ዘረጉና የሰውየውን ስልክ ተቀበሉት። በፊቱም በጀርባውም አገላብጠው አዩት፤ ወደ ብርሃኑም ከፍ አደረጉት።

«ጣቱ የታለ?» አሉ።

«የምን ጣት አባቴ?»

«የምስክር። ይህ መስታወት እንደ ተወለደ ነው። ማንም አልነካው።» ስልኩን መለሱለት። «አንተ፣ የኛን አሳየው።»

አሳየሁት። ሰውየው ስልኬን ሳይነካ አጎነበሰና ሁለቱን አውራ ጣቶች ተመለከተ። ቀለሙ ገና አልደረቀም።

«የማን ናቸው?»

«የኔ» አሉ ሽማግሌው፤ ሰማያዊ ጣታቸውን አነሡ። እትዬም አነሡ።

«ባለቤቷስ?»

«ከሥር ናት።»

ሰውየው ባሕር ዳር ይኑር እንጅ አነጋገሩ የዚሁ የፎገራ ነው፤ አባቱ አንድ ቦታ ላይ ጣቱን አኑሮ ይሆናል። ፊቱ ላይ ያየሁት ነገር አዳራሹ ውስጥ ማንም ላይ ያላየሁት ነው፤ ሕግ ያየ ሰው ፊት ነበር።

«ወሰንስ ረገጠች?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አራቱንም» አሉ እትዬ። «አራተኛው ላይ ልትሰጥም ነበር።»

ሰውየው ቀስ ብሎ ራሱን ነቀነቀ፤ ስልኩንም አጠፋው። በዚያች ሰዓት የኔ ስልክ ጭርር አለ። በሁለቱ ጣቶች መካከል የጣት ውፍረት የምታህል ንጹሕ መስታወት ቀርታለች፤ እዚያች ላይ ጽሑፍ ሲያልፍ ዓይኔን አስጠግቼ አነበብሁት። «ፈርሜ ልኬልሃለሁ ጋሼ። ምነው ዘጋህብኝ?» ከዚያ ባትሪው አለቀ።

ለማንም አላነበብሁላቸውም። ለነሱ ጉዳዩ ካለቀ ቆይቷል። እኔ ግን ባለቤቷ በተቀመጠችበት በርጩማ ላይ ተቀመጥሁ።

ወዲያው ዝናቡ ወረደ። የማካፋቱ ነገር ቀርቶ፣ ቆርቆሮ ሥር ያለ ሰው አጠገቡ ያለውን የማይሰማበት ዓይነት። ሹፌሩ ከመኪናው ዘሎ መጣ። ሸራው ተቀዷል፤ ውኃው ወደ ጠረጴዛው አረንጓዴ ጨርቅ እየገባ ነው።

ባለ ፑሉ ወደ ሰማይ አየ፤ ወደ ሩዜ አየ፤ ከዚያ ወደኔ። «ወንድሜ» አለኝ፤ «ዝናቡ እስኪያባራ ጠረጴዛዬን ውስጥ ባስገባስ?»

የረጠበ ዕቃ ምን እንደሚያደርግ ጠዋት ሙሉ ሳስብ ነው የዋልሁት። እምቢ ማለት አልቻልሁም። አራት ሆነን ተሸክመን በሩ አጠገብ ባለችው ጠባብ ቦታ በጎኑ አቆምነው። ላባችንን ስንጠርግ ሽማግሌው ጉሮሯቸውን አጠሩ።

«እንግዲህ ዕቃ በሰው ቤት ካስቀመጥህ፣ መዋዋል ሳያስፈልጋችሁ አይቀርም» አሉት።

ሰውየው በእጁ የያዘውን አዲሱን ስልኩን አየ፤ የኔን ስልክ አየ፤ ከዚያም የራሱን ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ ኪሱ ከተተው።

«ይኸ በቃል ይሁንልኝ አባቴ» አለ።